ማታ ማታ ለብቻዋ ታወራለች

ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የ26 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነው። ቦሌ አካባቢ አንድ ሆቴል ውስጥ ሪሴፕሽን ላይ እሠራለሁ። ለመሄድና ለመመለስ በቀን ሦስት ሰዓት መንገድ ላይ ነኝ።

ከስምንት ወር በፊት ለብቻዬ ጃፓንኛ መማር ጀመርኩ። ለምን እንደጀመርኩ ሲጠይቁኝ የምመልሰው ይጠፋኛል። ወንድሜ የጃፓን ካርቱን ሲያይ ድምፁ ጆሮዬ ገባ፤ በቃ። ስልኬ ላይ አፕ ጫንኩ። አሁን ሂራጋና የሚባለውን ፊደላቸውን አነባለሁ፣ ወደ 400 ቃላትም አውቃለሁ። አፑ በየቀኑ "ጎበዝ" ይለኛል።

ችግሩ አፌ ነው። ባለፈው ወር ሁለት ጃፓናውያን እንግዶች ሆቴላችን መጡ። ስንት ጊዜ የጠበቅኩት ቀን ነበር። "ኮንባንዋ" አልኳቸው። ሰውዬው ደስ ብሎት አንድ ረጅም ነገር ተናገረ። አንድም ቃል አልያዝኩም። ላብ በላብ ሆንኩ። "ኦኬ፣ ፓስፖርት ፕሊስ" ብዬ ወደ እንግሊዝኛ ሸሸሁ። ባልደረቦቼ እስከ ዛሬ "ኮንባንዋ" እያሉ ነው የሚጠሩኝ።

ከዚያ በኋላ ጮክ ብዬ መለማመድ አለብኝ አልኩና ማታ ማታ መኝታ ቤት ገብቼ ማውራት ያዝኩ። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ደግሞ ያውቁታል። ጎረቤታችን እናቴን ደረጃ ላይ አስቁመው "ልጅሽ ሌሊት ለብቻዋ በማይታወቅ ቋንቋ ትለፈልፋለች፤ ሳይብስባት ጸበል ውሰጃት" አሏት። እማዬ ስቃ ታልፈዋለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። "ከሁሉ ከሁሉ ጃፓንኛ? ማን ሊያናግርሽ ነው? በዚህ ጊዜ ማስተርስሽን ብትጀምሪ ምን ነበር?" አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ፊቷ ላይ ያየሁት ሐዘን ነው።

አሁን ድምፄን አጥፍቼ በጽሑፍ ብቻ ነው የምማረው። አስተማሪ ለመቅጠር አቅም የለኝም። ልተወው? ወይስ ሰው ያለ አስተማሪ መናገር መማር ይችላል?

"ኮንባንዋ" ነኝ፣ ከኮዬ ፈጬ

* * *

ውድ ኮንባንዋ፣

ስሙን ራስሽ ስለመረጥሽው እኔም በእሱ ልጥራሽ። "እንደምን አመሸሽ" ማለት አይደል? ባልደረቦችሽ ሳያውቁት በየቀኑ የክብር ሰላምታ እየሰጡሽ ነው።

ደብዳቤሽን ሳነብ ሁለት ቦታ ሳቅኩ። እናትሽ ጋ ስደርስ ግን ቆምኩ።

ጎረቤትሽ ክፉ ሰው አይመስሉኝም። እኔም ብሆን በውድቅት ሌሊት ከግድግዳው ወዲያ አንድ ሰው "ዋታሺ ዋ፣ ዋታሺ ዋ" (እኔ፣ እኔ) እያለ ሲደጋግም ብሰማ ጆሮዬን መጣሌ አይቀርም። ሰው ያልገባውን ነገር በሚያውቀው ነው የሚተረጉመው። ለመሆኑ እናትሽ ስትማሪ አይተውሽ ያውቃሉ? አንድ ቃል አስተምረሻቸው፣ ደብተርሽን አሳይተሻቸው ታውቂያለሽ? እንደነገርሽኝ ከሆነ በር ዘግተሽ ከስልክሽ ጋር ነሽ። ከበሩ ውጭ ላለች እናት ይህ ትምህርት አይመስልም። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ የሪሴፕሽኑን ነገር እንጨርሰው። ሰውዬው ረጅም ነገር የመለሰልሽ እኮ ሰላምታሽ ጃፓንኛ ስለመሰለው ነው። ባይመስለው በእንግሊዝኛ "ሄሎ" ብሎሽ ያልፍ ነበር። አፑ ስምንት ወር ሙሉ ያስለመደሽ መልስ መምረጥ ነው፤ አራት ይደረድርልሻል፣ አንዱን ትነኪያለሽ። እንግዳ ሰው ግን ምርጫ አያቀርብልሽም። ስለዚህ መደንገጥሽ አይግረምሽ።

በዚያች ደቂቃ 400 ቃል አያድንሽም። ሁለት ዓረፍተ ነገር ግን ያድንሽ ነበር። አንዷ "ሞ ኢቺዶ ኦኔጋይሺማስ" ናት፤ እባክዎ አንዴ ይድገሙልኝ። ሁለተኛዋ "ዩኩሪ ኦኔጋይሺማስ"፤ እባክዎ ቀስ ብለው። (የ"ሞ"ን ድምፅ ሳቢው፣ የ"ዩኩሪ"ን "ኩ" አጥብቂው።) እነዚህን በእንቅልፍ ልብሽ ቢጠይቁሽ እንድትመልሺ አድርገሽ ያዣቸው። ከዚያ ለሥራሽ የሚሆኑ ሁለት ጨምሪ፤ "ፓስፖቶ ኦ ኦኔጋይሺማስ" እና "ሾሾ ኦማቺ ኩዳሳይ"። የኋለኛዋ "አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ" ናት፣ በ"እርስዎ" ቋንቋ። አየሽ፣ አራት ዓረፍተ ነገር ይዘሽ አንድ እንግዳ ማስተናገድ ትችያለሽ። የቀረውን በእንግሊዝኛ ብትሞዪው ማንም አይከስሽም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። ሰው ያለ አስተማሪ መናገር ይማራል ወይ? ይማራል። ያለ ሰሚ ግን የሚሆን አይመስለኝም።

ይህን የምልሽ ከአንዲት ሴት አይቼ ነው። ዱሮ አንድ መሥሪያ ቤት ስሠራ ጃፓናዊት በጎ ፈቃደኛ አብራን ነበረች። አማርኛ የተማረችው በር ላይ ካሉት ዘበኞች ነው። በሻይ ሰዓት ሁላችን ስልካችንን ስንነካካ እሷ ዘበኞቹ ጋ ሄዳ አግዳሚው ላይ ቁጭ ትላለች። "ዛሬ ብልድ ነው" ትላለች። "ብርድ" ይሏታል። "ብልድ" ትላለች። ይስቃሉ፣ አብራ ትስቃለች። "ረ" እና "ለ" እስከ መጨረሻው እንደተምታቱባት ነበር። ግን በስድስት ወር ውስጥ ከዘበኞቹ ጋር ስለ ጤፍ ዋጋ ትከራከር ነበር።

የሚገርመው፣ ሌሎቹ የውጭ ዜጎች ሁሉ የሚወድቁበትን ነገር እሷ አንድም ቀን አልሳተችም። "ገና አልመጣም" እና "ለገና እመጣለሁ" ስትል የሚላላውን አላልታ፣ የሚጠብቀውን አጥብቃ ነው። እንዴት ቻልሽበት አልኳት። የእኛም ቋንቋ ይጠብቃል አለችኝ። "ኪቴ" ላልቶ "ና" ነው፤ "ቴ" ሲጠብቅ የፖስታ ቴምብር ይሆናል። ያኔ ነው እኔም ትንሽ ትንሽ ጃፓንኛ ከእሷ መቅመስ የጀመርኩት። በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ስንደፋደፍ አይታ "ለምን በዚያ በኩል ትዞሪያለሽ?" አለችኝ።

አንቺንም የምጠይቅሽ ይህንኑ ነው። አፕሽ ከእንግሊዝኛ ወደ ጃፓንኛ ነው የሚያስተምርሽ፣ አይደል? እንግዲያውስ ከኮዬ ፈጬ ቱሉ ዲምቱ ለመድረስ በሱሉልታ እየዞርሽ ነው።

እስቲ ይህን ተመልከቺ። "ኮሬ ዋ ሆን ዴስ"፤ ይህ መጽሐፍ ነው። "ዴስ" ልክ እንደ "ነው" መጨረሻ ላይ ቁጭ ብላለች። ጥያቄ ለማድረግ "ካ" ትጨምሪባታለሽ፤ "ሆን ዴስ ካ?" መጽሐፍ ነው ወይ? "ካ" ማለት "ወይ" ናት ብለሽ ያዣት። "ኔ" ደግሞ "አይደል?" ናት። "ፓን ኦ ታቤማስ" ብትዪ ዳቦ እበላለሁ ነው፤ ግሱ እንደኛ ወደ ኋላ ቀርቷል። "ኦ"ዋ "ዳቦውን" ስንል ያለችው "ን" ናት። "ዋ"ም ብትሆን እኛ "እኔማ"፣ "እኔስ" ስንል እንደምንለጥፈው ነገር ናት፤ ሙሉ በሙሉ አንድ አይደሉም ግን ጎረቤቶች ናቸው።

ትንሽ ከፍ እንበል። "ኪኖ ካታ ሆን" (የ"ታ"ን አጥብቂ)፤ ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ። ኪኖ ትናንት፣ ካታ የገዛሁት፣ ሆን መጽሐፍ። አንድም ቃል ከቦታው አልተነቃነቀም። እንግሊዝኛው ግን መጽሐፉን ያስቀድምና ትናንትን ጭራ ላይ ይወረውረዋል። አንቺ ታዲያ ይህን ለማለት መጀመሪያ ወደ እንግሊዝኛ ትገለብጪዋለሽ፣ ከዚያ ወደ ጃፓንኛ መልሰሽ ትገለብጪዋለሽ። ሰውዬው እስከዚያ ሻንጣውን ይዞ ሊፍት ውስጥ ገብቷል።

አንዳንዱ ነገር እንዲያውም ከአማርኛ ይቀላል። እኛ እበላለሁ፣ ትበያለሽ፣ ይበላል እያልን ግሱን ስንቀያይር እነሱ ለሁሉም "ታቤማስ" ነው። ወንድ ሴት የለም፣ ነጠላ ብዙ ብለሽ አትጨነቂም። አክብሮቱም አይከብድሽም፤ አንተና እርስዎን እየለየሽ ነው ያደግሽው። "አናታ" የምትለዋን ቃል ብቻ እንግዳ ላይ አትወርውሪ። መጽሐፍ "አንተ" ብሎ ይተረጉማታል፤ እነሱ ግን እንደኛ በስም መጥራት ይመርጣሉ፤ ስሙን ትይና "ሳን" ትጨምሪበታለሽ።

የሚከብደው አንድ ነገር አለ፤ ሰው ስለማይነግርሽ ልንገርሽ። የአናባቢ ርዝመት። እኛ የለንም። "ኦባሳን" አክስት ናት፤ "ባ"ዋን ከሳብሻት አያት ሆነች። አንዲትን የአርባ ዓመት እንግዳ አያት ብለሽ ብትጠሪ አስቢው። "ቢሩ" አጭር ከሆነ ሕንፃ ነው፣ "ቢ" ከተሳበ ቢራ። አንዱን አልኮል፣ አንዱን ብሎኬት ታመጫለሽ። ፊደላችን ይህን አይጽፍልንም፤ መጥበቁንም አይጽፍልንም። ስለዚህ ቃላቱን ደብተርሽ ላይ በፊደል እየጻፍሽ ከሆነ ለሁለት ሳምንት ይሁን፣ ከዚያ ግን ተይው። በላቲን ፊደል ከመጻፍ ግን ይሻላል፤ ላቲኑ ሳታውቂው ወደ እንግሊዝኛ አነባበብ ይጎትትሻል። "ዴስ" እና "ስኪ" (መውደድ) ላይ ያለችውን የተዋጠች ድምፅ የእኛ ሳድስ እንዴት አድርጋ እንደያዘቻት አየሽልኝ?

ሂራጋናን ይዘሻል፤ ሁለተኛውን ፊደላቸውን፣ ካታካናውን፣ አሁን ጨርሺው። እሱም መሠረታዊዎቹ 46 ናቸው። 231 ፊደል ቆጥረሽ ያደግሽ ልጅ ነሽ። ልዩነቱ፣ የእኛ ከ፣ ኩ፣ ኪ አንድ ቤተሰብ መሆናቸው ከመልካቸው ያስታውቃል፤ የእነሱ ግን እያንዳንዱ ለየብቻ ነው የሚያዘው። ካታካና የውጭ ቃል የሚጻፍበት ስለሆነ ለሆቴል ሥራ እንጀራሽ ነው፤ ፓስፖርቱ፣ ቡናው፣ ያንቺም ስም በእሱ ይጻፋል። ከተማችንም "አዲሱ አቤባ" ሆና ትገኛለች። ከጃፓን የመጣ ቪትዝ ውስጥ ፊት ወንበር ላይ ከተቀመጥሽ የፀሐይ መከላከያውን ዝቅ አድርጊና የተለጠፈውን አንብቢ። "ኤአባጉ" የሚል ካገኘሽ ኤርባግ ነው። ካንጂውን፣ ከቻይና የመጡትን ምልክቶች፣ ለጊዜው ተይው። ለዕለት ጽሑፍ የተመደቡት 2,136 ናቸው፤ ለመናገር የሚያስቸኩሉሽ አይደሉም።

በር ዘግተሽ የምትለማመጂውን ነገር ግን እንቀይረው። ሦስት ሰዓት መንገድ ላይ ነኝ ብለሻል። አውቶቡስ ውስጥ አታውሪ፣ ስሚ። የጃፓን ፋውንዴሽን "ኢሮዶሪ" የሚባል መጽሐፍ አለው፤ መጽሐፉም ድምፁም በነፃ ይወርዳል። ሱቅ ውስጥ፣ ሥራ ቦታ፣ ስልክ ላይ የሚባለውን ነው የሚያስተምረው። የጃፓኑ ማሰራጫ የኤንኤችኬ ወርልድም የጀማሪ ትምህርት እንዲሁ ነፃ ነው። በሆቴሉ ዋይፋይ አውርጂው፤ መንገድ ላይ ካርድ አይበላብሽም፣ መብራት ቢጠፋም ኔትወርክ ቢቆራረጥም ስልክሽ ውስጥ ነው።

ከአውቶቡስ ከወረድሽ በኋላ እስከ ብሎካችሁ ያለው የእግር መንገድ የአፍ ሰዓትሽ ይሁን። ኤርፎንሽን ጆሮሽ ላይ አድርጊ፣ ስልክሽን ያዥ፣ ጮክ ብለሽ አውሪ። ኤርፎን ያደረገ ሰው ቢያወራ ማን ዞር ብሎ ያያል? ሁሉም ስልክ ላይ ነሽ ብሎ ያልፍሻል። አንድ አጭር ንግግር ክፈቺና ተናጋሪው ሳይጨርስ እግር በእግር እየተከተልሽ አብረሽው በዪ፤ ትርጉሙን ሳይሆን ዜማውን ያዢ። አንዷን ንግግር ሳምንት ሙሉ። ይሰለቻል፤ እውነቴን ነው። ግን እኔ የማውቀው ለምላስ የሚሠራ ነገር ይህ ነው። ማታ ደግሞ ቴሌግራም ላይ ለራስሽ የአንድ ደቂቃ ድምፅ ቅጂ። ዛሬ ምን ሠራሽ፣ ምን በላሽ። የመጀመሪያዎቹን አትስሚያቸው። ከወር በኋላ ስሚያቸው።

ከጃፓናዊ ጋር መነጋገርም ይቻላል፤ አማርኛ ወይ እንግሊዝኛ መለማመድ የሚፈልግ ሰው በቋንቋ መለዋወጫ አፖች ይገኛል። እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገርሽ። ጃፓን ከእኛ 6 ሰዓት ትቀድማለች። የሐበሻ አቆጣጠራችንም ከፈረንጁ በ6 ስለሚለይ ሁለቱ ተጣጥመዋል፤ እኛ ጋ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲል እነሱ ጋ ከሰዓት በኋላ 2 ሰዓት ነው። በሐበሻ ያሰርሽው ሰዓት የጃፓንን ሰዓት ይቆጥራል። ስለዚህ ከሥራ ገብተሽ ማታ 3 ሰዓት ላይ ብትደውዪ እዚያ ሌሊት 3 ሰዓት ነው፣ ሰው ትቀሰቅሻለሽ። ዕረፍት ባለሽ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ አድርጊው። (በነገራችን ላይ ለእንግዳ ቁርስ በስንት ሰዓት እንደሆነ ስትነግሪ በሐበሻ እንዳታስቢ፤ "ኢቺጂ" ካልሽው ቁርሱ ከተነሳ በኋላ ነው የሚወርደው። "ሺቺጂ ካራ ዴስ" በዪ፤ ከ7 ጀምሮ ነው። "ካራ" እንደ "ጀምሮ" ኋላ መምጣቷን ልብ በዪ።) መቼም ሴት ልጅ ነሽና ፎቶ ካልላክሽ፣ ቪዲዮ ካልከፈትሽ የሚል ከመጣ ቋንቋ ፈላጊ አይደለም፤ ዝጊው።

ዕድሜው ጠና ያለ ጃፓናዊ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ "አቤቤ" ብለሽ ጀምሪ። አበበ ቢቂላ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ማራቶን ሲያሸንፍ ያዩት ሰዎች አልረሱትም። የቀረውን እሱ ያወራልሻል፤ አንቺ "ሞ ኢቺዶ" እያልሽ ትሰሚያለሽ።

አሁን አንድ ነገር ራስሽን ጠይቂልኝ። ለምን እንደጀመርሽ አላውቅም ብለሻል፤ ድምፁ ጆሮዬ ገባ ብለሻል። ያ ለእኔ በቂ ምክንያት ነው። ግን በልብሽ ጃፓን ሄዶ መማር አለ ወይ? ካለ፣ የጃፓን መንግሥት ስኮላርሺፕ በአዲስ አበባ ኤምባሲው በኩል ይጠየቃል። ዲግሪ ላለው ሰው በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ትምህርት ስላለ ቋንቋውን ቀድሞ መጨረስ ግዴታ አይደለም። ያኔ የእናትሽ ማስተርስና ያንቺ ጃፓንኛ አንድ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። ከሌለም የለም። ደመወዝ ይጨምርልኛል ብለሽ ግን ለእናትሽ ቃል አትግቢ። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለዲፕሎማቶቹ ጃፓንኛ 2,200 የክፍል ሰዓት መድቧል፤ ለአማርኛ 1,100። ልኩ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ የተሰፋ ነውና ላንቺ ሳይጠብ አይቀርም። ቢሆንም የዓመታት ነገር ነው። ይህን እያወቅሽ ብትቀጥዪ ነው የምወደው።

ልተወው ላልሽው፣ ደብዳቤሽን መልሰሽ አንብቢው። መተው የሚፈልግ ሰው ምን ያህል ቃል እንደሚያውቅ አይቆጥርም።

እናትሽ ጋ ተመልሻለሁ። አንቺ የምትፈልጊው ሰሚ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ልጄ ምን ነክቷት ነው ብለው ተጨንቀዋል። ሁለታችሁም የጎደላችሁ አንድ ነገር ይመስለኛል። ለማስረዳት አትድከሚ፤ "ለወደፊት ይጠቅመኛል" ምናምን አትበያቸው። በሚቀጥለው ዕረፍትሽ ቡና ሲፈላ ደብተርሽን ይዘሽ አጠገባቸው ቁጭ በዪ። "ኮሂ" በያቸው፣ ሁለቱንም ድምፅ ስበሽ። ቡና ነው። ጃፓንኛ አላውቅም ካሉ "ካይዘን" የማን ቃል እንደሆነ ጠይቂያቸው፤ በየቢሮው ስንሰማው የኖርነው ነው። ከዚያ "ሆን ዴስ ካ?" መጽሐፍ ነው ወይ? እያልሽ እንዴት ከአማርኛ ጋር እንደሚሄድ አሳያቸው። ሲቀምሱ "ኦይሺ" አሰኚያቸው፤ ይጣፍጣል። ስህተትሽን ለማረም ጃፓንኛ ማወቅ የለባቸውም፤ ስትንተባተቢ ቁጭ ብለው ካዩሽ ይበቃል። ወንድምሽም ከካርቱኑ የለቀመው ቃል አይጠፋውምና አስገቡት።

ጎረቤትሽንም ጥሪያቸው። እውነቴን ነው። ሁለተኛውን ስኒ በሁለት እጅሽ አቅርቢላቸውና "ዶዞ" በያቸው፤ "ዶ"ዋን ሳብ አድርገሽ። "እንኩ" ማለት ነው።